ከ60 ዓመት በኋላ የተከፈተ በር፦ አናሲሞስ ነሲብና የእኛ አረጋውያን



መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙትን የአናሲሞስ ነሲብን ስም ያልሰማ አማኝ በአገራችን ጥቂት ነው። ስለ ትርጉም ሥራቸው በስብከትም በጽሑፍም ብዙ ተነግሯል። ስለ ሽምግልናቸው ግን ብዙ ጊዜ አናነሣም። ዛሬ አብረን እንድናስብበት የምፈልገው ይህንኑ የሕይወታቸውን ክፍል ነው። በየአጥቢያችን ትናንት ወንጌልን ይዘው በእግራቸው የዞሩ፣ ዛሬ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ማንም የማይጠይቃቸው አባቶችና እናቶች አሉን። የእኚህ ሰው ታሪክ ስለ እነርሱ የሚነግረን ነገር አለ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋጋ የተተመነለት ልጅ

ዛሬ ሚዛን አማን ከምትባለው ከሚዛን ተፈሪ ተነሥታችሁ በቴፒ፣ በማሻና በጎሬ በኩል ወደ መቱ ብትጓዙ፣ ከዚያም ወደ በደሌ የሚወስደውን መንገድ ጥቂት ብትቀጥሉ ሁሩሙን ታገኛላችሁ። መንገዱ ሁሉ እንደ እኛው አካባቢ የጫካና የቡና አገር ነው። በ1856 ገደማ በዚያ አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። ስሙ በኦሮምኛ መፍታትን፣ መተርጎምን የሚያመለክት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ከአገሩ ሰርቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ እየተሸጠ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ እስከ ምፅዋ ደረሰ። ነሲብ የሚለውን ስም የሰጡትም ባሪያ ነጋዴዎቹ ነበሩ። በ1870 ቬርነር ሙንሲንገር የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ በምፅዋ ነፃ አወጣውና በአቅራቢያው በእምኩሉ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን አስረከበው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። የባሪያ ገበያ ሰውን የሚመዝነው በምን ነበር? በጉልበቱ ነበር። ልጁ ወደፊት በሚሰጠው ጉልበት ይተመናል፣ ወጣቱ ዛሬ ባለው ጉልበት ይሸጣል። ሽማግሌና አሮጊት ግን በዚያ ገበያ እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ አልነበራቸውም። ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የቤንች፣ የሸኮና የካፋ ምድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በባሪያ ፍንገላ ብዙ ልጆቹን አጥቷል። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ ፈጽሞ የሻረው ሕግ የወጣው ግን በ1942 ነው። ልጆቹ ተነድተው ሲሄዱ በየደጁ የቀሩት ደግሞ አረጋውያን ናቸው፤ ጧሪ ቀባሪ ያጡት እነርሱ ናቸው። ይህን የገበያ ሚዛን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ሽማግሌ የጻፈው ደብዳቤ

በ1872 በፋሲካ ቀን ወጣቱ ተጠመቀ። አናሲሞስ የሚለውን ስም ያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ስሙ ጠቃሚ ማለት ነው። የመጀመሪያው አናሲሞስ ከፊልሞና ቤት የኮበለለ ባሪያ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለ እርሱ የተማለደው ማን ነበር? ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። ጳውሎስ በዚያ ደብዳቤ ራሱን የሚያስተዋውቀው ሽማግሌ ብሎ ነው፤ በዚያ ላይ እስረኛ ነበር (ፊልሞና 9)። ቀድሞ የማይጠቅም የነበረው ልጅ አሁን ለሁላችን ይጠቅማል ሲል ይመሰክርለታል (ቁጥር 11)።

ልብ በሉ፤ አንድ ያረጀ፣ የታሰረ ሰው ለአንድ ወጣት ጠበቃ ሆነ። ዓለም ሁለቱንም ከሒሳብ አውጥቷቸዋል። በክርስቶስ ግን ሽማግሌው አባት ሆነ፣ ባሪያውም ወንድም ሆነ።

መንገዱ ሲዘጋ

አናሲሞስ ከ1876 እስከ 1881 ስዊድን አገር በዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራቸው፤ ወገኖቼ ወዳሉበት ገብቼ ወንጌልን ልስበክ የሚል። በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ በሽታና የመንገዱ ችግር መለሳቸው፣ በ1882 ካርቱም ተመለሱ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በሸዋ በኩል ሞከሩ። እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ወደ ፊት ለመቀጠል ግን ፈቃድ አላገኙም። እንደገና እምኩሉ ተመለሱ።

በሩ በተዘጋባቸው በዚያ ጊዜ ነበር ተቀምጠው መተርጎም የጀመሩት። ነገር ግን ከአገራቸው በልጅነት የወጡ ሰው ናቸውና የቋንቋው ጥልቀት ረዳት ይፈልግ ነበር። ያቺን ረዳት ጌታ ሰጣቸው። አስቴር ጋኖ ትባላለች። ወደ የመን ልትሸጥ በመርከብ ተጭና ሳለ በ1886 ጣልያኖች ነፃ ያወጧትና ወደ እምኩሉ የመጣች ወጣት ነበረች። በዕድሜ ከእርሳቸው 16 ዓመት ያህል ታንሳለች። አስቴር የኦሮምኛ ቃላትን በመሰብሰብ የትርጉሙን ሥራ አገዘች። 500 ያህል ተረቶችን፣ ምሳሌዎችን፣ እንቆቅልሾችንና መዝሙሮችንም ከቃል ወደ ጽሑፍ አደረገች፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ።

ተረትና ምሳሌ በማን አፍ ይኖራል? ማታ እሳት ዳር ልጅ ሰብስቦ የሚያወጋው ማን ነው? አያት ነው። ስማቸው በየትም ያልተጻፈ የመንደር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአንዲት ሕፃን ጆሮ ያስቀመጡት ቋንቋ፣ ልጅቱ ተሰርቃ ከተወሰደች በኋላ እንኳ ከእርሷ ጋር ኖረ፤ የእግዚአብሔርም ቃል ለሚሊዮኖች ሲተረጎም አገለገለ። አረጋውያን የሚሰጡንን ነገር አናቃልል።

ከ50 እስከ 60፦ የዝምታ ዓመታት

በ1904 አናሲሞስ በመጨረሻ ወለጋ ገቡ። ዕድሜያቸው 48 ገደማ ነበር። አባ ገመቺስ በሚል የአክብሮት ስምም ይታወቃሉ። የነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሏቸው። ነገር ግን በ1906 ክስ ቀርቦባቸው አዲስ አበባ ተጠሩ። አቡነ ማቴዎስ ከዚያ አገር እንዲወጡ ፈረዱ። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሻሉትና ወደ ነቀምቱ እንዲመለሱ፣ እንዳይሰብኩ ግን አዘዙ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን በራሳችሁ ላይ አድርጋችሁ አስቡት። ሠላሳ ዓመት የተዘጋጁበት ነገር፣ ሁለት ጊዜ ተጉዘው ያልደረሱበት አገር በእጃቸው ገባ። ወዲያው አፋቸው ተዘጋ። ዕድሜያቸው 50 ሆኗል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይመረራል። የእኔ ጊዜ አለፈ ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አናሲሞስ ግን በተተወላቸው ጠባብ ቦታ ሠሩ። መስበክ ቢከለከሉ ማስተማር አልተከለከሉምና በነቀምቱ ትምህርት ቤታቸው ልጆችን ማስተማር ቀጠሉ። ስደት በላያቸው እያንዣበበ አሥር ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በዘኍልቍ 8፥23-26 ስለ ሌዋውያን የተሰጠው ሥርዓት እዚህ ላይ ትዝ ይለናል። ሌዋዊ 50 ዓመት ሲሞላው ከከባዱ ሥራ ያርፋል፤ ከመገናኛው ድንኳን ግን አይባረርም፤ ወንድሞቹን እየረዳ በዚያ ይኖራል። እግዚአብሔር ለሸክሙ የዕድሜ ገደብ አበጀ፤ በቤቱ ለሚኖር ቦታ ግን ገደብ አላበጀም።

ከ60 እስከ 75፦ የተከፈተው በር

በ1916 ልጅ ኢያሱ አናሲሞስ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱ። ልጅ ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። አናሲሞስ ያን ጊዜ 60 ዓመት ገደማ ነበሩ። ዛሬ በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ነው። እርሳቸው ሌላው በሚያርፍበት ዕድሜ ከልጅነታቸው ጀምሮ የጠበቁትን ሥራ ጀመሩ። ለ15 ዓመታት ሰበኩ፣ የተረጎሟቸውንም መጻሕፍት አሠራጩ። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በእሑድ ቀን ወደ ጌታቸው ሄዱ።

አስቴር ጋኖም እስከ 1964 ኖራ 90 ዓመት ገደማ ደርሳለች።

እንግዲህ አስሉት። በነቀምቱ ያሉ አማኞች እኚህ ሰው አርጅተዋል፣ ቦታውን ለወጣት ይልቀቁ ብለው ቢሆን ኖሮ ምን ይቀር ነበር? ቅዱስ ቃሉ ጻድቃን በሽምግልና ዘመናቸው እንደሚያፈሩ የሚናገረው እንዲሁ አይደለም (መዝሙር 92፥12-14)።

እኛስ በምን እንመዝናለን?

አሁን መጠንቀቅ አለብን። አረጋውያንን የምናከብረው ገና ስለሚሠሩ ነው ብንል ያ የባሪያ ገበያ ሚዛን በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። እንደ አናሲሞስ በ75 ዓመቱ የሚያገለግል አለ። በ65 ዓመቱ አልጋ የያዘም አለ። ትዝታው የጠፋባት፣ የልጆቿን ስም የማትለይ እናትም አለች። ዘሌዋውያን 19፥32 በሽበታም ፊት እንድንነሣ ሲያዝዝ ሽበታሙ ምን ይሠራል ብሎ አይጠይቅም። ትእዛዙን ያሰረው ከእግዚአብሔር ፍርሃት ጋር ነው።

በእኛ አገር የቡና ገበሬ ያረጀውን ዋንዛ ከቡናው መካከል ቆርጦ አይጥልም። ዋንዛው አንዲት የቡና ፍሬ እንኳ አይሰጥም። ቡናው ግን በጥላው ሥር ይኖራል። ጥላው ሲጠፋ ነው ፀሐዩ የሚታወቀው።

ስለዚህ ጥቂት ነገሮችን በጌታ ፍቅር ላሳስብ።

አንደኛ፣ ለቤተ ክርስቲያን አሥራት እየሰጠን፣ ለኮንፈረንስ እያዋጣን እናታችን መንደር ውስጥ ጨው የምትገዛበት አጥታ ከሆነ ጌታ በማርቆስ 7፥9-13 የገሠጻቸውን ሰዎች ሆነናል። እነርሱም ለወላጅ የሚገባውን ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ይሉ ነበር። ጳውሎስም ቤተ ሰቡን የማይረዳ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ ይቆጥረዋል (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8)።

ሁለተኛ፣ በቤንችና በሸኮ፣ በካፋና በሸካ ጫካ ውስጥ መንገድ ሳይኖር በእግራቸው ሄደው አጥቢያዎችን የተከሉ ወንጌላውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ያገለገሉት በጥቂት ድጎማ ነው፤ ጡረታ የሚባል ነገር አልታሰበላቸውም። የአጥቢያ ሽማግሌዎች ሆይ፣ የዓመቱን በጀት ስትሠሩ ለድምፅ ማጉያ ከምትመድቡት አስቀድሞ እነዚህን አባቶች አስቡ። መበለቶቻቸውንም አትርሱ። አሁን ለሚያገለግሉትም ከዛሬው ጀምሮ ለእርጅናቸው የሚሆን ነገር ይቀመጥላቸው።

ሦስተኛ፣ ወጣቶች ሆይ፣ አስቴር ጋኖን ምሰሉ። ቁጭ ብላችሁ አድምጡ። ወንጌል ወደ መንደራችሁ እንዴት እንደ ገባ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ስልካችሁን አውጡና ምስክርነታቸውን ቅዱ፣ ጻፉትም። ነገ ለመጠየቅ ብትፈልጉ ላታገኟቸው ትችላላችሁ።

አራተኛ፣ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ጊዜያችን አልፏል አትበሉ። አናሲሞስ በተዘጋው በር ፊት ተቀምጠው አላለቀሱም። የተተወላቸውን ሠሩ። የእናንተም በር ጠባብ ሊሆን ይችላል። ምናልባት አንድ የልጅ ልጅ ብቻ ይሆናል፣ ምናልባትም ሌሊት የምትጸልዩት ጸሎት። በመዝሙር 71፥18 ያለው ሰው በሽበቱ ጊዜ የለመነው የእግዚአብሔርን ኃይል ለሚመጣ ትውልድ እስኪነግር ድረስ እንዳይተወው ነው። ይህ ልመና የእናንተም ይሁን። ደግሞም ወጣቱን አትናቁት። ሽማግሌው ጳውሎስ ለአናሲሞስ ጠበቃ እንደ ሆነ እናንተም ለወጣቶቻችን ጠበቃ ሁኑላቸው።

በመጨረሻም እኛ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለን አገልጋዮች ዛሬ መድረኩ በእጃችን ነው። አረጋውያንን የምናስቀምጥበት ወንበር ነገ የምንቀመጥበት ወንበር ነው። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የተቤዠን በገንዘብ ተምነን አይደለም፣ ጉልበታችንንም አይቶ አይደለም። እርሱ በተቀበለን መጠን እርስ በርሳችን እንቀባበል። ከዚህ እሑድ ጀምሮ ከኋላ ወንበር የተቀመጡትን በስማቸው እየጠራን፣ እጃቸውን ይዘን ወደ ፊት እናምጣቸው።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። አሜን።