በወገኑ ላይ የፈረደው ንጉሥ



ነጃሺ አስሐማን የምናውቀው ሙሃጂሮችን በመቀበሉ ነው። እሱ ራሱ ግን አስቀድሞ ግፍ ቀምሷል። ኢብኑ ኢስሐቅ በሲራው እንደዘገበው፣ ሰዎቹ ንጉሥ አባቱን ገድለው አጎቱን አነገሡ። ልጁ እንዳይበቀላቸው ፈርተውም በ600 ዲርሀም ለነጋዴ ሸጡት። በዚያው ቀን አጎቱን መብረቅ ገደለው፤ ከልጆቹም ለመንግሥት የሚበቃ ታጣ። ነጋዴውን ተከታትለው ልጁን ነጠቁትና ዘውድ ጫኑለት፤ ገንዘቡን ግን አልመለሱም።

ነጋዴው አቤት ሊል መጣ። ከሳሹ እሱን የገዛው ሰው፣ ተከሳሾቹ ያነገሡት ወገኖቹ ነበሩ። ነጃሺ ወይ ገንዘቡ እንዲመለስ፣ ወይ ባሪያው እንዲሰጠው ፈረደ፤ ባሪያው እሱ ራሱ ነው! ወገኖቹም ከፈሉ።

በ615 እ.ኤ.አ. ሙስሊሞች ወደ ሀበሻ ሲሰደዱ፣ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ። መኳንንቱ ስጦታውን ተቀብለው ስደተኞቹ ሳይጠየቁ እንዲመለሱ መከሩ። ነጃሺ ጃዕፈርን (ረ.ዐ) ሳይሰማ እንደማይፈርድ ቁርጡን ነገራቸው። በማግስቱ ዐምር ሌላ ክስ ሲያመጣም ዳግም አስጠርቶ ሰማ። መኳንንቱ እያጉረመረሙ ስጦታው ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ። ሲሞት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሆነው ሶላተል ጋኢብ ሰገዱበት።

የመተማ ወጣት ሆይ! በማያገባን ነገር ፍትሐዊ መሆን ቀላል ነው፤ ፈተናው ፍርዱ የራሳችንን ቡድን ሲጎዳ ነው። ስፖርታዊ ጨዋነትም ይኸው ነው። ኳሱ እጅህን ነክቶ ጎል ሆነ፤ ዳኛው አላየም፣ አንተ ግን ታውቃለህ። ሰሊጥ ስትመዝን ገበሬው ዘወር ቢልም ሚዛኑ ያው ይሁን። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ላይ ጦርነት ሲነሳ ብዙዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረዋል። ቋንቋችንን የማይችል ሰው ባጃጅ ሲሳፈር ወይም ቤት ሲከራይ እኛ የምንከፍለውን ያህል ይክፈል። ከጎረቤትህ ልጅ ጋር ሲጣላም ሁለቱንም ሳትሰማ አትፍረድ።

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ወገናችን ጥፋተኛ ሲሆን ከማን ጋር ነን? አላህ ከፍትሐዊዎቹ ያድርገን። አሚን።