ሞተርን ከቆመበት ያስነሣው ስደተኛ ተማሪ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የወፍጮው ሞተር ሲነሣ የቤቱ አምፑል ለአፍታ ይፈዛል፤ ሞተሩ ፍጥነቱን ሲይዝ ብርሃኑ ይመለሳል። ምክንያቱም ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ከዘወትር ፍጆታው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ የሚደርስ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ነው። ለዚህ ችግር መላ ከፈለጉት ቀደምት መሐንዲሶች አንዱ ሚካኤል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ነው።

ዶብሮቮልስኪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1862 በሩሲያ፣ በጋትቺና ከተማ ተወለደ። በሪጋ ፖሊቴክኒክ ሲማር ሳለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አሌክሳንደር 2ኛ በተገደሉበት በ1881፣ በተማሪዎች የፖለቲካ እንቅስቃሴ ተካፍለሃል ተብሎ ተባረረ። በአገሩ ወደ ሌላ ከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዳይገባም ተከለከለ። ያን ጊዜ ዕድሜው 19 ነበር።

እርሱ ግን መማሩን አልተወም። ወደ ጀርመን አገር ተሻግሮ በዳርምሽታት የኤሌክትሪክ ትምህርት ተማረ፤ በ1887ም በበርሊን በሚገኘው የኤ.ኢ.ጂ. ኩባንያ ሥራ ያዘ። በ1889 ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሠራ። የሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል ጫፍና ጫፋቸው በቀለበት የተያያዙ የመዳብ ዘንጎች ነበሩት፤ ስለዚህም ቀላልና ጠንካራ ሆነ። ጉድለቱ አነሣሡ ላይ ነበር፤ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ከባድ ጭነት ለማንቀሳቀስ ግን ጉልበት ያንሰዋል። ስለዚህ ዶብሮቮልስኪ ሌላ ዓይነት ሞተር አሰበ። በተሽከርካሪው ላይ ሽቦ ጠመጠመ፤ ሽቦውንም በቀለበቶች አማካይነት ከውጭ ካለ ሬዚስታንስ ጋር አገናኘው። ሞተሩ ሲነሣ ሬዚስታንሱ በሙሉ ይገባል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይወጣል። በዚህ ዘዴ የሚስበው ኤሌክትሪክ ሲቀንስ የመነሻ ጉልበቱ ይጨምራል።

በ1891 በፍራንክፈርት ኤግዚቢሽን፣ ከላውፈን 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ኃይል የእርሱን ባለ 100 ፈረስ ጉልበት ሞተር አንቀሳቀሰ፤ ሞተሩም ውሃ እየሳበ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አወረደ። ተመልካቹም የሩቅ ወንዝ ጉልበት በሽቦ ተጉዞ ከተማ ውስጥ ሥራ ሲሠራ በዓይኑ አየ።

ዶብሮቮልስኪ በ1919 በሃይደልበርግ አረፈ።

ዛሬ በፋብሪካዎቻችን ሠራተኛው ስታር ዴልታ የሚለው ማስነሻ የሚሠራው እርሱ ባስፋፋው የሦስት ፌዝ አያያዝ ነው። ሞተሩ በስታር ሲነሣ እያንዳንዱ ጥቅል ሽቦ በ380 ቮልት ፈንታ 220 ያገኛል፤ ከመሥመሩ የሚስበው ኤሌክትሪክም ሆነ የመነሻ ጉልበቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ወደ ዴልታ ይዛወራል። ስለዚህ ዘዴው የሚስማማው ጭነቱ ቀላል ለሆነ አነሣሥ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ አንድ ወጣት ከትምህርት ገበታ ሲባረር የሚጎዳው ማን እንደሆነ እናስብ። ዶብሮቮልስኪስ የሚማርበት ሌላ አገር አገኘ፤ ሩሲያ ግን እንዲህ ያለውን መሐንዲስ ለሌላ አገር ሰጠች።