ለ290 ሟቾች ብቻውን የቆመው ሰው

የኢትዮጵያን ታሪክ በመጻፍ ዕድሜያቸውን የፈጁት የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ሙሉ ስም ሪቻርድ ኪር ፔቲክ ፓንክረስት ነው። «ኪር» የምትለው ስም ዝም ብላ የገባች እንዳትመስላችሁ። ፋሺስት ኢጣሊያ ስትወረን ሎንዶን ላይ ጋዜጣ አቋቁመው የጮኹልን እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት፣ ይህችን ስም ያወጡት በአንድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ወዳጃቸው ስም ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚያ ሰው፣ ስለ ኪር ሃርዲ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ።)

ሃርዲ በ1856 በስኮትላንድ፣ ላናርክሻየር ተወለደ። እናቱ ሜሪ ኪር የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የእንጀራ አባቱ ደግሞ የመርከብ አናጢ። ልጁ በወጉ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኘም። ማንበብ ያስተማረችው እናቱ ናት።

በ10 ዓመቱ ገደማ ለአንድ ዳቦ ቤት ዳቦ ያደርስ ነበር። ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ የእንጀራ አባቱ ሥራ ፈትቷል፤ እናቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ታናሽ ወንድሙ በሞት አፋፍ ላይ ነው። ቤቱ የሚያድረው ልጁ በሚያመጣት ሳንቲም ነበር። ሌሊቱን ታማሚውን ሲያስታምም አድሮ ሥራ ቦታ አርፍዶ ደረሰ። ጌታው ከነቤተሰቡ ቁርስ ላይ ተቀምጦ አስጠራውና አባረረው፤ ደመወዙንም ቀጣው። ልጁ በክረምት ዝናብ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነው ጉድጓድ የወረደው። ሥራው በር መክፈትና መዝጋት ነበር። ቀላል ይመስላል አይደል? ከመሬት በታች ያሉት ቆፋሪዎች የሚተነፍሱት አየር ወደ እነሱ የሚደርሰው በእነዚያ በሮች አማካይነት ነው። የከሰል ጋሪ ሲመጣ ይከፈታሉ፣ ሲያልፍ ወዲያው ይዘጋሉ። ልጁ ከተዘናጋ አየሩ አቅጣጫ ይስታል፤ ጋዝ ይጠራቀማል። እስቲ ማታ ክፍላችሁን ዝጉ፣ ስልካችሁን አጥፉና 5 ደቂቃ ብቻ ቁጭ በሉ። እሱ በ10 ዓመቱ ቀኑን ሙሉ እንዲያ ይቀመጥ ነበር፤ የስንት አባወራ ትንፋሽ በእጁ ላይ ሆኖ።

እዚያው ጨለማ ውስጥ አጭር ጽሕፈት ተማረ። በመብራት ጭስ ያጠቆረው ድንጋይ ላይ በመርፌ እየጫረ ይለማመድ ነበር ይባላል። አድጎ ቆፋሪ ሲሆን ጓደኞቹ ቅሬታቸውን እንዲያቀርብላቸው መረጡት። አሠሪዎቹ የመለሱለት ከነሁለት ወንድሞቹ በማባረር ነው። በአካባቢው ያሉት ጉድጓዶች ሁሉ በራቸውን ዘጉበት። እሱ ግን ወደ ኤይርሻየር ተሻግሮ ቆፋሪዎችን ማደራጀት ቀጠለ፤ በ1886 የዚያ አካባቢ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የራሱን ጋዜጣ አወጣ።

በ1892 ከምሥራቅ ሎንዶን ተመርጦ ፓርላማ ገባ። ሌሎቹ እንደራሴዎች ጥቁር ካፖርትና ረጅም ባርኔጣ ለብሰው ሲገቡ እሱ በተራ ሱፍና በጨርቅ ቆብ ከች አለ። ጋዜጦቹ ተሳለቁበት። ለእኔ ግን ሃርዲን ሃርዲ ያደረገው ቆቡ ሳይሆን ከ2 ዓመት በኋላ ያደረገው ነገር ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1894 በዌልስ፣ ኪልቨኒዝ መንደር አጠገብ ያለው አልቢዮን የተባለ የከሰል ጉድጓድ ፈነዳ። 290 አዋቂዎችና ልጆች ሞቱ። በዚያው ዕለት በንጉሣውያኑ ቤተሰብ ልዑል ተወለደ። በማግሥቱ ደግሞ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ካርኖ በስለት ተወጋና ሞተ። ፓርላማው ለልዑሉ የደስታ መግለጫ አዘጋጀ፣ ለፕሬዚዳንቱ የሐዘን መግለጫ አሳለፈ። ሃርዲ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ ለ290ዎቹ ቤተሰቦችም የሐዘን ቃል ይጨመር። እምቢ አሉት። ተነሥቶ የደስታውን መግለጫ ተቃወመ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፤ ከጎኑ የቆመ አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት ምርጫ ወንበሩን አጣ። ግን ዌልስ ውስጥ የማዕድን ሠራተኞች የሚበዙባት ሜርተር በ1900 መረጠችው፤ እስኪሞት ድረስም እንደራሴዋ ሆኖ ቆየ። በ1906 ሌበር ፓርቲ 29 ወንበር ሲያገኝ በፓርላማ የመጀመሪያው መሪ ሆነ። በ1908 ደግሞ የከሰል ቆፋሪዎችን የጉድጓድ ሥራ በቀን 8 ሰዓት የሚወስነው ሕግ ወጣ። ሃርዲ ለዓመታት ሲታገልለት የነበረ ጉዳይ ነው።

የሕዝብ ፍቅር ግን ዋስትና የለውም። በ1914 የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሃርዲ ተቃወመ። የቆፋሪ ልጆች ሄደው የሌላ አገር ቆፋሪ ልጆችን እንዲገድሉ አልፈቀደም። ነሐሴ 6 በገዛ ምርጫ ክልሉ በአበርዴር ስብሰባ ሲጠራ ሕዝቡ በጩኸት ንግግሩን አስቆመው። የለፋላቸው ሰዎች ነበሩ የጮኹበት። መስከረም 26 ቀን 1915 በ59 ዓመቱ ግላስጎው ላይ አረፈ፤ ወንበሩንም ጦርነቱን የሚደግፍ ሰው ወሰደው።

ይሄን ሁሉ የማወራችሁ ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ስላልሆነብኝ ነው። በእኛም አገር ወርቅና ኦፓል ፍለጋ ወጣቶች በእጃቸው ቆፍረው ጉድጓድ ይገባሉ። ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ላይ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ወጣቶች ሲቀበሩ ዜናውን ያየነው በስልካችን ነበር፤ አየነውና በአውራ ጣታችን ወደ ላይ ገፋነው። ስንቶቻችን ነን አንዳቸውን በስም የምናውቅ? ሃርዲ በ1894 የሞቱትን ማስነሣት አይችልም ነበር። የቻለው ሞታቸው ሳይነገር እንዳይታለፍ አዳራሹን ማስቆም ብቻ ነው። ለዚያም ወንበሩ አደጋ ላይ ቢወድቅ ግድ አልሰጠውም።

ሲልቪያ ፓንክረስት በ1960 አዲስ አበባ አርፈው ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። በዚያ በኩል ስታልፉ አስቡት፦ እኚህ ሴት ሰሚ ስላጡት ኢትዮጵያውያን ሎንዶን ላይ ሲጮኹ፣ ለ290 የማያውቃቸው ሟቾች ብቻውን የቆመ ሰው ከእሳቸው ቀድሞ ነበር።