ጄምስ ላንሲንግ፤ የድምፅ ማጉያው መካኒክ

በድምፅ ማጉያ ሣጥን ላይ ጄ. ቢ. ኤል. የሚሉትን ሦስት ፊደሎች ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። ፊደሎቹ የፋብሪካ ምልክት መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል፤ የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን፤ ያም ሰው የድካሙን ፍሬ ሳያይ በዕዳ ተጨንቆ መሞቱን የሚያውቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ይኸውም ሰው ጄምስ ላንሲንግ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 ቀን 1902 ዓ. ም. በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ተወለደ። የአባቱ ስም ማርቲኒ ሲሆን፤ ላንሲንግ የሚለውን ስም ያወጣው በጎልማሳነቱ ራሱ ነው። የኢንጂነርነት ዲግሪ አልነበረውም፤ የሠለጠነው በመኪና መካኒክነት ነበር። ይሁን እንጂ ከልጅነቱ ጀምሮ ለኤሌክትሪክ መሣሪያ ልዩ ፍቅር ነበረው። በ1927 ዓ. ም. ኬን ዴከር ከተባለ ወዳጁ ጋር በሎስ አንጀለስ ከተማ የድምፅ ማጉያ መሥሪያ ድርጅት አቋቋመ። ዴከር ንግዱን ሲመራ ላንሲንግ የእጅ ሥራውን ያዘ።

ጊዜው ሲኒማ መናገር የጀመረበት ነበር። በዚያን ጊዜ ለትልልቅ አዳራሾች የሚሠራው ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ በአንድ ረጅም ጥሩምባ፤ ቀጭኑን ደግሞ በሌላ አጭር ጥሩምባ ያሰማ ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ረጅሙን መንገድ ተጉዞ እስኪወጣ ድረስ ቀጭኑ ቀድሞት ይደርሳል። ስለዚህም ዳንሰኛ በጫማው ወለሉን አንድ ጊዜ ሲመታ ምቱ ሁለት ጊዜ የተሰማ ይመስል ነበር። የኤም. ጂ. ኤም. ፊልም ኩባንያ የድምፅ ክፍል ኃላፊ የነበረው ዳግላስ ሺረር ይህን ጉድለት ለማረም ጆን ሂልያርድንና ላንሲንግን በሥራው አሰማራ። የሁለቱም ድምፆች መንገድ ተቀራርቦ የተሠራው አዲሱ ማጉያ በ1936 ዓ. ም. ከሲኒማ አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አገኘ።

ጥሩምባ ያለው ማጉያ ትልቁ ጥቅሙ በጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ብዙ ድምፅ መስጠቱ ነው። ጉዳቱ ግን ግዙፍነቱ ነው፤ ለሲኒማ አዳራሽ እንጂ ለመኖሪያ ቤት አይመችም። ላንሲንግ በ1937 ዓ. ም. አይኮኒክ የተባለውን አነስ ያለ ማጉያ ሠርቶ የአዳራሹን ድምፅ ወደ ስቱዲዮና ወደ ሳሎን አቀረበው። ከዚያም 604 በተባለው ማጉያ የቀጭኑን ድምፅ ጥሩምባ በወፍራሙ ማጉያ መካከል አሳለፈው። ከዘፋኝ አፍ ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ከአንድ ሥፍራ እንደሚወጣ ሁሉ፤ ከዚህም መሣሪያ ሁለቱ ድምፆች ከአንድ ሥፍራ ይወጡ ጀመር።

ነገር ግን ሥራው ሲያምር ንግዱ ተበላሸ። በ1939 ዓ. ም. ዴከር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሒሳብና ላንሲንግ ስለማይስማሙ፤ ድርጅቱ በ1941 ዓ. ም. በ50,000 ዶላር ለአልቴክ ኩባንያ ተሸጠ። ላንሲንግ በዚያው አምስት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ1946 ዓ. ም. ወጥቶ እንደገና የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ቀድሞ የሸጠው ድርጅት ስሙን ይዞ ስለነበር፤ በገዛ ስሙ ለመነገድ እንኳ ክርክር ገጠመው።

ዲ 130 የተባለውን ባለ 15 ኢንች ማጉያ የሠራው በዚህ የጭንቅ ዘመን ነው። ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ጥቅል 4 ኢንች አድርጎ አሰፋው፤ ሽቦውንም ጠፍጣፋ አድርጎ በጠርዙ ጠቀለለው፤ ብርቱ ማግኔትም አኖረበት። በዚህ የተነሣ የከበሮ ምትና የጥሩምባ ጩኸት ሳይደበዝዝ ይሰማ ነበር። ዕዳው ግን ከቀን ወደ ቀን እየከበደ ሄደ። ላንሲንግ በሴፕቴምበር 1949 ዓ. ም. በ47 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ድርጅቱ በላንሲንግ ሕይወት ላይ ከተገባው ኢንሹራንስ 10,000 ዶላር አገኘ፤ ባልደረባው ዊልያም ቶማስም በዚያ ገንዘብ ሥራውን ከውድቀት አዳነው።

ከእርሱ በኋላ ሌሎች መንገዶች ተከፈቱ። በ1954 ዓ. ም. አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የታፈነውን አየር እንደ ሞላ ተጠቅሞ ጥልቅ ድምፅ አወጣ፤ ዋጋው ግን ብርቱ አምፕሊፋየር መጠየቁ ነበር። በ1957 ዓ. ም. የእንግሊዙ ፒተር ዎከር ስስ የፕላስቲክ ገጽ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚርገበገብበትን ማጉያ ለገበያ አቀረበ። የሰውን ድምፅ በማጥራት ተወዳዳሪ አልነበረውም ለማለት ይቻላል፤ ብርቱ ጩኸትና በጣም ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ግን ይደክማል። በዚያው ዓመት የላንሲንግ ፋብሪካ ፓራጎን የተባለውን ትልቅ የቤት ዕቃ የሚያህል ማጉያ አወጣ።

እንግዲህ ከነዚህ የትኛው ይበልጣል ቢባል መልሱ እንደ አድማጩና እንደ ክፍሉ ነው። ቦታ ለጠበበው የተዘጋው ሣጥን፤ የዘፋኙን ትንፋሽ ሳይቀር ለመስማት ለሚሻ ስሱ ገጽ፤ ሙሉ ኦርኬስትራ ከነጉልበቱ ወደ ሳሎኑ እንዲገባለት ለሚፈልግ ግን የላንሲንግ መንገድ ይሻላል። የሁሉም ዳኛ ያው ሕያው መሣሪያ ሲመታ የሰማ ጆሮ ነው።

ፋብሪካው በ1969 ዓ. ም. ወደ ሐርማን፤ ሐርማንም በ2017 ዓ. ም. ወደ ሳምሰንግ ተሻግሯል። ባለቤቱ ቢለዋወጥም ሦስቱ ፊደሎች አልተፋቁም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ያባቶች ቃል ለላንሲንግ በእውነት ተፈጽሟል፤ የሚያሳዝነው ግን ከመቃብር በፊት አብሮት የሚቆም አንድ ሒሳብ አዋቂ ወዳጅ ማጣቱ ነው።