የሲድርን ዛፍ በመጽሐፍ ያኖሩት አቡ ሐኒፋ አድ-ዲነወሪ

በዶሃ ኤጁኬሽን ሲቲ የሚገኘው ቁርኣናዊ የዕፅዋት ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲመሠረት የተተከለው ዛፍ ሲድር ነበር፤ አገራችን ቁርቁራ የምትለው ማለት ነው። በቅዱስ ቁርኣን አራት ጊዜ ተወስቷል፤ ቅጠሉ ለጀናዛ ማጠቢያ፣ አበባው ለንብ ነው። ከጥላው ሥር ያረፈ ጎብኚ ግን ዛፉን ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በጥንቃቄ የመዘገቡትን ሊቅ ስም እምብዛም አይሰማም።

አቡ ሐኒፋ አድ-ዲነወሪ የተወለዱት በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ግድም፣ ዛሬ ምዕራብ ኢራን በሚባለው ምድር፣ በዲነወር ከተማ ነው። ከመዝሀቡ መሥራች ከኢማም አቡ ሐኒፋ ጋር ሊምታቱ አይገባም፤ ኢማሙ ቀድመው በ767 አልፈዋል። ዲነወሪ ከኢራቅ የቋንቋ ሊቃውንት ዐረብኛን ጠንቅቀው ተምረው በታሪክ፣ በሒሳብና በሥነ ከዋክብት ጻፉ። ከዋክብቱን በተመለከተ ኋላ የመጡት አስ-ሱፊ፣ ከዐይናቸው ይልቅ የሰሙትን አምነዋል ሲሉ ነቅፈዋቸዋል። ነቀፋው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን ያው የመስማት ልማድ ለዕፅዋት መጽሐፋቸው ትልቅ ሀብት ሆነ።

በኪታቡ-ን-ነባት የበረሃ ዐረቦች ስለየዛፉ የሚያውቁትን ሰብስበዋል። ሲድር ሁለት ዓይነት መሆኑን ያስረዳሉ፦ ዑብሪ የተባለው እሾሁ የማይጎዳ ሲሆን፣ ዷል የተባለው ግን እሾሃም ነው። ከፍሬው ሁሉ የሐጀር ፍሬ ጣፋጭ መሆኑም ተዘግቧል። ሐጀር የዛሬዋ የኳታር ጎረቤት አል-አሕሳ ናት።

ሊቁ በ895 ግድም አረፉ። ስድስት ክፍል እንደነበረው ከሚነገርለት መጽሐፍ በእጅ የቀረው ሦስተኛው ክፍልና ከአምስተኛው ከፊሉ ብቻ ነው። የቀረው ፈጽሞ እንዳይጠፋ ያደረጉት የኋላ ዘመን መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ናቸው፤ ሊሳኑል ዐረብን የመሰሉ መዛግብት ከእርሱ እየጠቀሱ ብዙ አቆዩ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሙሐመድ ሐሚዱላህ የተበተነውን ከየመዝገቡ ለቅመው፣ ከሲን እስከ ያእ ያሉትን ዕፅዋት እንደገና በአንድ መጽሐፍ አሰባሰቡ። ሲድርም በሲን ስለሚጀምር ከነዑብሪውና ከነዷሉ በዚያው ክፍል ይገኛል።