የቤን ሆጋን ሕይወት

የጎልፍ ሜዳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ነገር ግን በገና ጨዋታ ዱላው ወደ ኋላ በደንብ ካልተነሣ ሩሯ ሩቅ እንደማትሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የዱላን መንገድ አጥብቆ ያጠናውን የቤን ሆጋንን ታሪክ ባጭሩ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ሆጋን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ ከብረት ቀጥቃጭ አባት ተወለደ። በ9 ዓመቱ አባቱ ሞተበት፤ በ11 ዓመቱ የተጫዋቾችን ዱላ በመሸከም ገንዘብ ማግኘት ጀመረ። ሲጫወት ኳሷ ወደ ግራ እየተጠማዘዘች ብዙ ዓመት አስቸገረችው፤ እርሱ ግን ሳይታክት እየተለማመደ አረማት።

በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጨች። ሚስቱን ለማዳን በላይዋ ስለ ተወረወረ፣ መሪው የወጋው ባዶ ወንበሩን ነበር። ዳሌው ቢሰበርም በ1950 የአሜሪካን ታላቅ ውድድር አሸነፈ፤ በ1953 ደግሞ ሦስት ታላላቅ ውድድሮችን ድል አደረገ።

በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከኳሷ እስከ ትከሻ የተጋደመ መስተዋት እንዳለ አስቦ፣ እጅ ወደ ኋላ ሲነሣ ያን መስተዋት እንዳይሰብር አስተማረ። በ1997 ዐረፈ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ዱላ የሚመታው ወደ ፊት ቢሆንም ኀይሉን የሚሰበስበው ወደ ኋላ ሲነሣ ነው። የእኛም የፈተና ቀን ውጤት የሚሠራው አስቀድሞ በምናጠናባቸው ወራት ነው።