ዘርዓ ያዕቆብ፦ በራሱ ላይ የተመለሰ ሐሳብ

እንስሳ የራሱን ሐሳብ ይከታተላልን? ሲያመነታስ ማመንታቱን ያውቃልን? የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ በእንስሳት ላይ አልተመራመረም። ሆኖም ሐሳብ ወደ ራሱ ሲመለስ ምን እንደሚመስል በአገራችን ጽሑፍ ከእርሱ ይልቅ በግልጽ ያሳየ ማግኘት ያስቸግራል።

ዘርዓ ያዕቆብ በሐተታው እንደሚተርከው፣ በነሐሴ 1592 ዓ.ም. በአክሱም አቅራቢያ ከድሃ ገበሬ ተወለደ። ዜማና ቅኔ ከተማረ በኋላ የመጻሕፍትን ትርጓሜ 10 ዓመት አጥንቶ በአክሱም መምህር ሆነ። የፈረንጆቹንና የግብጻውያኑን ትርጓሜ ጎን ለጎን ያስረዳ ነበር እንጂ አይፈርድም፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን አንድ ካህን በንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አጠገብ በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

በዚያ ዋሻ ሲጸልይ ሳለ፣ የሚሰማው አምላክ ይኖር እንደ ሆነ ራሱን ጠየቀ። ጥያቄው ጽኑ ኀዘን አመጣበት፤ እርሱ ግን ጥርጣሬውን አላባረረም። የማሰብ ችሎታው ራሱ ከየት እንደ መጣ መረመረ፤ በዚህም መንገድ ፈጣሪ አለ ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ቀጥሎ ሰዎች ሐሰትን ስለምን እንደሚያምኑ ጠየቀ፤ ምርመራ ስለሚያደክማቸው ከቀደሙት የሰሙትን ፈጥነው ይቀበላሉ ሲልም መለሰ።

እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት አንድ ዶልፊን ሁለት ዓይነት ድምፅ እንዲለይ ተፈተነ፤ ከባዱን ፈተና የሚያልፍበት ሦስተኛ ምርጫም ነበረው። ድምፆቹ ሲቀራረቡ ያመነታ፣ ሦስተኛውንም ይመርጥ ነበር። ተቺዎች ይህ በሽልማትና በልምድ የተገኘ ምላሽ ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ እንስሳው አይናገርምና ክርክሩ አልተዘጋም። በእኔ ግምት የዶልፊኑ ማመንታት ከዋሻው የመጀመሪያ ቅጽበት ጋር ሊዛመድ ይችላል። የማመንታትን ምክንያት መጠየቅ፣ ከዚያም የሌሎችን እምነት በዚያው ሚዛን መመዘን ግን ሌላ እርምጃ ነው፤ የተጠቀሰው ፈተናም እስከዚያ አይደርስም።

ሱስንዮስ ሲሞቱ ዘርዓ ያዕቆብ ወደ እንፍራዝ ሄዶ በሀብቱ ቤት ጸሐፊና መምህር ሆነ፤ ሒሩትንም አገባ። በ68 ዓመቱ ሐተታውን ጻፈ። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ድርሰቱን የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ክርክር አስነሥቷል፤ ክላውድ ሳምነር ደግሞ በኢትዮጵያዊነቱ ጸንተው ተከራክረዋል። ደራሲው ማንም ይሁን፣ ከጥርጣሬ ወደ ምርመራ የሚያልፈው የሐሳብ ጉዞ በጽሑፉ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት መምህሩ በ93 ዓመቱ ማረፉን መዝግቦ፣ የራሱን ሐተታ ጻፈ።